ጭነት የሚወርድበት ከተማ
በነፋስ መውጫ የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

ከስማዳና ከእስቴ ድረስ መንገድ ቆርጣችሁ ለመጣችሁ፣ ከአርብ ገበያ በሌሊት ለተነሳችሁ፣ ለዚህ ለነፋስ መውጫ ሰውም ጭምር የማወጋው ስለ ድሬዳዋ ነው።

«የእኛን ጋይንት ከድሬዳዋ ምን አገናኘው? እዚያ አሸዋ፣ እዚህ ውርጭ» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ጉና ተራራ ሥር ተወልዶ ያደገ ሰው ድሬዳዋ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያደርገው ጋቢውን አውልቆ ጥላ መፈለግ ነው። ግን ትናንት ማታ እዚሁ ዋናው መንገድ ዳር ቆሜ ያየሁትን ላስቀድም።

ከወልድያ በኩል የመጣ ተሳቢ መኪና ቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወረደና ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ሸጎጠ። ሹፌሩ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ምግብ ቤት ገባ። አንዲት ልጅ የተቀቀለ ድንች በሳህን ይዛ ወደ ረዳቱ ሮጠች፤ እሱም እየበላ የሸራውን ገመድ በአንድ እጁ እየሳበ ይፈትሻል። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ድንጋዩ ተነሳ፣ መኪናው ወደ ወረታ ሄደ። ሸራው አልተገለጠም፣ ገመዱ አልተፈታም። ምን እንደተጫነ እንኳ የጠየቀ የለም። ለከተማዋ የቀረላት የእራትና የድንች ሒሳብ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ከጅቡቲ ተነስቶ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ሐዲድ እንዲዘረጋ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ። ኢልግ ሌዎን ሼፍኔ የሚባለውን ፈረንሳዊ ነጋዴ አጋር አድርጎ ኩባንያ አቋቋመ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው መስመር ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ ይላል። ድሬዳዋ የሚል ቃል የለበትም፤ ሊኖርም አይችልም፣ ከተማው አልነበረማ። ጅቡቲ ራሷ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ሲጀመር ፈረንሳዮች ከኦቦክ ተነስተው የቆረቆሯት፣ አሥር ዓመት ያልሞላት መንደር ነበረች።

የታሰበው ሐረር ነበር። ቡናው እዚያ ነው፣ ቆዳው እዚያ ነው፣ ከዘመናት ጀምሮ ከባሕር የሚመጣውም ጨርቅ የሚራገፈው በግንቡ፣ በጀጎል በሮች ውስጥ ነው። ሐዲዱ በረሃውን ጨርሶ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ግን መሐንዲሶቹ ቀና ብለው አዩ። በቆላውና በሐረር መካከል 700 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ። ዛሬ በደንገጎ በኩል በመኪና የወጣ ሰው ጆሮው ሲደፈን ያውቀዋል። ባቡር እንደ በቅሎ አይደለም፤ ዳገት ጠላቱ ነው። ዳገቱን ዞሮ ለማለፍ ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ኩባንያው ገንዘቡ እያለቀበት ነበር። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ሐዲዱ ደቻቱ የሚባለው የአሸዋ ወንዝ ዳር ሲደርስ ቆመ። ቦታውን «አዲስ ሐረር» አሉት። ስሙ አልጸናም፤ ድሬዳዋ የሚለው ጸና።

እንግዲህ ይህ ከተማ የተወለደው ማንም አስቦበት አይደለም። ተራራ ከለከለ፣ ገንዘብ አለቀ፣ ባቡር ቆመ፣ ከተማ በቀለ። የከተማ ታሪክ ስናወራ «እገሌ ቆረቆራት» ማለት ስለምንወድ ነው ይህን አጥብቄ የምናገረው።

ምኒልክም በዚያው ዓመት ደስተኛ አልነበሩም። ኩባንያው ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር እሳቸውን ሳያማክር የገንዘብ ውል አድርጎ ነበርና «የሰጠሁት ለነጋዴ ነው ወይስ ለመንግሥት?» የሚያሰኝ ነገር መጣ። በ1899 ዓ.ም. ኩባንያው ከሰረ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ለንደን ላይ ተቀምጠው በኢትዮጵያ ምድር ማን የት ሐዲድ እንደሚዘረጋ ተከፋፍለዋል። ቀጥሎ ፈቃዱ በ1900 ዓ.ም. በምኒልክ ሐኪም በዶክተር ቪታልየን ስም ታደሰና አዲስ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ተተካ። አዲስ አበባ ባቡር ያየችው በ1909 ዓ.ም. ነው። የለገሃሩ ትልቁ ጣቢያ የተመረቀው ደግሞ በ1922።

ከ1895 እስከ 1909 ያለውን ጊዜ ቁጠሩት፤ 14 ዓመት ከመንፈቅ ነው። ፖለቲካውን ለታሪክ መምህራን ልተውላቸውና እኔ በዚህ ጊዜ ላይ ልቆይ። የድሬዳዋ ሀብት ያለው እዚህ ውስጥ ነውና።

ባቡሩ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ይቆማል። ፉርጎው ውስጥ ያለው ጨርቅ፣ ስኳር፣ ቆርቆሮ፣ ጠመንጃ ወደ ሸዋ መሄድ አለበት። በምን? በግመል፣ በበቅሎ፣ በአህያ። ከሸዋና ከሐረርጌ ደጋ የመጣውም ቡናና ቆዳ ከግመል ጀርባ ወርዶ ፉርጎ ላይ መውጣት አለበት። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው ጀርባ ማዛወር። ግን አስቡት። አንድ ፉርጎ የሚይዘውን ስንት ግመል ይሸከመዋል? ግመሎቹ እስኪሰበሰቡ ዕቃው የት ያድራል? መጋዘን ይፈለጋል። መጋዘኑን ማን ይጠብቅ? ዘበኛ። ፉርጎ ላይ በአንድ መጠን የታሰረው በግመል ልክ ተፈትቶ እንደገና ይታሰራል፤ ገመድ የሚገምድ፣ ጆንያ የሚሰፋ ይፈለጋል። ሚዛን የሚመዝን፣ የሚጽፍ፣ ለባለ ግመሉ ዋስ የሚሆን፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሱማሊኛ፣ በዓረብኛና በፈረንሳይኛ መሐል የሚያስተረጉም። ማርትሬዛ የሚመነዝር። ለከብቱ ሣርና ውኃ የሚሸጥ። ለሰውየው እንጀራ የምትጋግር፣ አልጋ የምታከራይ። ቀረጥ የሚቀበል ነጋድራስ ከነጸሐፊዎቹ። ጭነት አንድ ጊዜ በወረደና በወጣ ቁጥር ይህ ሁሉ ሰው ቁራሹን ያገኛል።

ለዚህ ነው ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ህንዱ የተሰበሰበው። የህንዶቹ የመሐመድ አሊ ንግድ ቤት በዚያ ዘመን ትልቅ ስም ነበረው። ኩባንያው ከደቻቱ በአንዱ ወገን ቀጥ ያለ ጎዳና አስምሮ፣ ዛፍ ተክሎ ከዚራን ሠራ፤ በሌላው ወገን መጋላ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ጠመዝማዛ መንገድ በቀለ። ከዚራ ሠራተኛው ይኖራል፣ መጋላ ገበያው ይጮኻል። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ሲሞላ ግን አይጣል ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል።

የነጋድራስነቱን ነገር ካነሳሁ ሁለት ስሞች ልጥቀስ። አንዱ የእናንተው የጣና አገር ሰው ነው፤ ከዘጌ የተወለደው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፈው። ሌላው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። ሁለቱም በድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ሠርተዋል። ገብረ ሕይወት ከዚያ በፊት የባቡሩም ተቆጣጣሪ ነበር። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሚለው መጽሐፉ የታተመው እሱ ካረፈ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ብዙ ድካሙን በጥቂት እንደሚለውጥ የተከራከረው ሰው፣ ቡናው ሲወጣ ጨርቁ ሲገባ በዓይኑ ሲመለከት የኖረው እዚያ የቀረጥ ቤት ውስጥ ነው። መጽሐፉን ያነበባችሁ ካላችሁ ይህን እያሰባችሁ መልሳችሁ አንብቡት፤ የድሬዳዋ አቧራ ይሸታችኋል።

አንዱ ከተማ ሲነሳ ሌላው እንደሚወድቅ ግን አንርሳ። ከባቡሩ በፊት የሐረር ነጋዴ ባሕሩን የሚያገኘው በዘይላ ነበር። ዘይላ ከጅቡቲ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለች፣ በመካከለኛው ዘመን ዜና መዋዕሎቻችን ስሟ የሚጠራ ወደብ ናት። ሐዲዱ ጅቡቲን ሲመርጥ የዘይላ ግመሎች መንገዳቸውን ቀየሩ፤ ዛሬ ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። የጣላት ጦር አይደለም፣ ወረርሽኝም አይደለም። ጭነቱ ሌላ ቦታ ወረደ፣ ይኸው ነው።

ታዲያ በ1909 ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ድሬዳዋም እንደ ዘይላ መሆን አልነበረባትም? የሸዋ ግመል ሥራ ፈታ። ጭነቱ ሳይወርድ በፊቷ ማለፍ ጀመረ። ከተማዋን ያዳኗት ሁለት ነገሮች ናቸው ብዬ አምናለሁ። አንደኛው፣ የሐረርጌ ቡና ከዚያም በኋላ በደንገጎ ወርዶ እሷ ዘንድ ይጫን ነበር። ሁለተኛውና ትልቁ ግን ኩባንያው የመጠገኛ ወርክሾፑን እዚያ መትከሉ ነው። 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት በነበረው መስመር መሐል ገደማ ያለችው ድሬዳዋ ናት፤ ሞተሩ እዚያ ይቀየር፣ ነጂው እዚያ ይለወጥ፣ የታመመው ፉርጎ እዚያ ይታከም ነበር። ስለዚህ ቱርነሪ የሚያዞር፣ ብረት የሚያቀልጥ፣ የሚበይድ ትውልድ ወጣ። ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲከተል እጁ የለመደ ሰው ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያንን ወርክሾፕ አንድ ጡረተኛ እየመሩ አሳይተውኛል። ስማቸውን ልተወው። ቀጭን፣ ቆብ ያደረጉ፣ ከሸሚዛቸው ኪስ አሁንም የሜትር መለኪያ የማይጠፋ ሰው ናቸው። በሐዲድ ላይ የቆመ አሮጌ ፉርጎ ዘንድ ወሰዱኝና ከመሬት አንድ ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ አነሱ። ጎማውን፣ የብረቱን ጎማ ማለቴ ነው፣ ቀስ ብለው መቱት። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

«ሰማህ ልጄ? ደህና ነው» አሉኝ። ወደሚቀጥለው ሄዱና መቱ። ድምፁ ደረት ውስጥ እንደታፈነ ሳል ሆነ። «ይኼ ስንጥቅ አለው። ዓይን አያየውም፤ ጆሮ ግን አይሳሳትም አቦ!»

«አባባ፣ ይህን ለመለየት ስንት ጊዜ ፈጀብዎት?» አልኳቸው።

«ለመምታት አንድ ቀን። ለመስማት ስድስት ዓመት።»

የጋይንትን የድንጋይ ደወል ያስታወሰኝ ነገር ነበር፤ ዲያቆኑ ከደወሎቹ የትኛው እንደሚጮህ ሳያይ ያውቀዋልና። ሰውየው ጆሯቸውን ይዘው ጡረታ ወጥተዋል። መዶሻውን ግን መልሰው ካነሱበት ቦታ ነው ያስቀመጡት፣ ነገ ሥራ እንዳለ ሰው።

ወደ ውድቀቱ ልለፍ። ውድቀት በአንድ ቀን አይመጣም፣ ድሬዳዋም ላይ በአንድ ቀን አልመጣም። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ የወደብ ከተማዋ አሰብ አደገች፤ በ1959 ዓ.ም. የነዳጅ ማጣሪያ ሲከፈትባት ከአሰብ በኮምቦልቻ አዲስ አበባ የሚገባው አስፋልት የአገሪቱ ዋና ጉሮሮ ሆነ። ባቡር ጭነቱን ለመኪና ማካፈል ጀመረ። በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ገፍቶ ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ፤ ከተማዋ አልተያዘችም፣ የሐዲዱ ድልድዮች ግን ፈራረሱ፣ መስመሩ ተቆረጠ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባና ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች በከፋዎቹ ይቆጠራል። ያኔ በሰሜኑ ረሃብ ስለነበር እናንተም የራሳችሁን ሙት እየቀበራችሁ ነበር፤ ሬዲዮ ያላችሁ አደጋውን ሰምታችሁ ይሆናል።

በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ አሰብ ተዘጋ፣ የአገሪቱ ዕቃ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። እንግዲህ ይህ የድሬዳዋ ትንሣኤ መሆን ነበረበት። አልሆነም። ሐዲዱ አርጅቷል፣ ሞተሩ መለዋወጫ የለውም፣ ጭነቱን ተሳቢ መኪና ወሰደው፤ እሱም አብዛኛው በጋላፊ በኩል በአፋር ምድር እንጂ በድሬዳዋ አያልፍም። ባቡሩ ላይ የቀረው ተሳፋሪው፣ አትክልቱና ኮንትሮባንዱ ነበር። ስለ ኮንትሮባንዱ ብዙ ይሳቃል፤ ጨርቁን በወገባቸው ጠቅልለው ወፍረው የሚሳፈሩ፣ ቀጥነው የሚወርዱ ሴቶች። እኔ አልስቅበትም። ጭነት በሕግ መውረዱ ሲቀር ከተማዋ በጓዳ በር አወረደችው። «ታይዋን» የሚባለው የድሬዳዋ ገበያ አገር ያወቀው ስም ያገኘው እንዲሁ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የነበረው የድሮው ባቡር ቆመ።

ከዚያ አዲሱ መጣ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው፣ ቻይናውያን የሠሩት፣ 750 ኪሎ ሜትር የሚያልፈው መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የድሬዳዋ ጣቢያው ግን ከከተማው ውጭ ሜዳ ላይ ነው የተሠራው፤ ድሮ ከባቡር ወርዶ በእግሩ ከዚራ የሚገባ ሰው ዛሬ ባጃጅ ወይም ታክሲ ይፈልጋል። ይህ ትንሹ ነው። ትልቁ፣ ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ላይ ተጭኖ የሚወርደው ሞጆ ደረቅ ወደብና እንዶዴ መሆኑ ነው። ቀረጡ እዚያ፣ መጋዘኑ እዚያ፣ ክሬኑ እዚያ። ድሬዳዋ ባቡሩን ታየዋለች፤ በፍጥነት ያልፋል፣ ጭስ እንኳ የለውም።

ሞተች ግን አልልም፤ እንዲህ የሚሉትን አልወድላቸውም። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና የተከፈተው እዚያው ነው፤ ዓላማውም ጭነቱን እንደገና ለማውረድ መሞከር ነው። ይሳካ ይሆናል።

አሁን ወደ እኛ። እዚህ አገር ሐዲድ የለም፤ መንገድ ግን ነበረ። በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ ከደብረ ታቦር ተነስተው፣ ድንጋዩን እየፈነቀሉ፣ ራሳቸውም እየቆፈሩ በጋይንት አድርገው፣ ጨጨሆን አውጥተው ወደ ዋድላ፣ ከዚያም መቅደላ አደረሱት። ለሠረገላ የሚሆን ሰፊ መንገድ ጋይንት ያየችው ያኔ ነው። ከዚያ መንገድ ላይ አንድም ከተማ አልበቀለም። ሴባስቶፖልም አለፈ እንጂ እዚህ አልወረደማ!

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በደርግ ጊዜ ቻይናውያን ከወረታ ወልድያ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥርጊያ አወጡ። የቻይና መንገድ የምንለው እሱን ነው። ነፋስ መውጫን ዛሬ ያለችውን ያደረጋት እሱ ነው። ዳገቱ ሹፌርን ያደክማል፣ ብርዱ ያስርበዋል፣ ስለዚህ እንደ ትናንት ማታው መኪና ይቆማል፤ ጭነቱን ግን አያወርድም። መኪና ያልቆመበትን ደግሞ እዩ፤ በደሪጣና በይፋግ ገበያ ምን እንደነበረ ሽማግሌ የሚያውቅ ያውቃል፤ የጎንደር ነጋዴ የሚያርፍባቸው፣ ኬላ ያለባቸው፣ ስማቸው የገነነ ነበሩ። መኪና አዲስ ዘመንና ወረታ መቆም ሲጀምር ነጋዴው ተከተለው። መኪና እየፈጠነ፣ መንገዱም እየተስተካከለ ሲሄድ ሹፌር ነፋስ መውጫ ላይ የሚቆምበት ምክንያት እያነሰ ይሄዳል። ስማዳና እስቴ ደግሞ ይህን እንኳ አላገኙም፤ ዋናው መንገድ ከነሱ ርቆ ነው የሚያልፈው፣ ጤፋቸውና በጋቸው ተጭኖ ይወጣል፣ ሒሳቡ የሚሠራው ሌላ ከተማ ነው።

አሁን የባቡር ወሬ አለ። የአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ላይ ከባሕር ዳር በወረታ አድርጎ ወልድያ፣ ከዚያም በሰመራ ጋላፊ የሚደርስ መስመር ተጽፏል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ወልድያ ሐራ ገበያ የተዘረጋው መስመር እንኳ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ዓመታት ቆይቷል፤ ስለዚህ የወረታው ነገ ይመጣል ብዬ አላታልላችሁም። ወረታ ግን ደረቅ ወደብ ተተክሎላታል። መስመሩ አንድ ቀን ከመጣ በዚህ ደጋ ማለፉ አይቀርም፤ ዳገቱን ደግሞ የሐረርን ተራራ ያስታወሰ ሰው ይገምተዋል።

ከእናንተ ብዙ ሰው «ባቡሩ በእኛ በኩል ይለፍልን» ብሎ አቤቱታ እንደሚጽፍ አውቃለሁ። እኔ የምለምናችሁ ሌላ ነው። ቀያሹ መጥቶ ያንን ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን በእርሻችሁ ጫፍ ሲተክል፣ ጠላ አቅርቡለትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት። «ጌታው፣ በየት ያልፋል አንልዎትም፤ ጭነቱ የት ይወርዳል?» በሉት። ወርክሾፑስ የት ይተከላል ብላችሁም ጨምሩበት። ከስማዳ፣ ከእስቴና ከታች ጋይንት አንድ ላይ ሆናችሁ ጠይቁ፤ ለየብቻ ከጠየቃችሁ ለእያንዳንዳችሁ «እናንተ ጋ» እያለ ይሸኛችኋል።